የዎርድፕሬስ ፕለጊኖች አንድ ሁክ ላይ ሲገናኙ ተራቸውን ማስያዝ

ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ በርኖስና ዝተት በኢንተርኔት የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ድረ ገጹ በዎርድፕሬስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ ሲሆን ሁለት ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ የሚሰጡ ቅጥያ ፕሮግራሞች) በአንድ የዋጋ ሁክ (ሌላ ኮድ እንዲገባበት በዎርድፕሬስ ሥራ መካከል የተተወ ቦታ) ላይ ይሠራሉ። አንዱ ለማኅበር አባላት 200 ብር ይቀንሳል፣ ሌላው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደምራል። የ2,000 ብር በርኖስ ቅናሹ ቀድሞ ታክሱ ከተከተለ 2,070 ብር ይሆናል። ታክሱ ከቀደመ ደግሞ 2,100 ብር። የሁለቱም ኮድ ለየብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ደንበኛው 30 ብር ያለ አግባብ የሚከፍለው ማን እንደሚቀድም የወሰነ ሰው ስለሌለ ነው።

ተራውን የሚወስነው ፈንክሽኑ (ሥራውን የሚያከናውነው የኮድ ክፍል) ሁኩ ላይ ሲመዘገብ የሚሰጠው የቅድሚያ ቁጥር ነው። ለመመዝገብ የሚያገለግሉት «አድ አክሽን» (ሥራ ለሚያስጨምር ሁክ) እና «አድ ፊልተር» (እሴት ለሚያስተካክል ሁክ) አራት ነገር ይቀበላሉ፦ የሁኩን ስም፣ የፈንክሽኑን ስም፣ የቅድሚያ ቁጥሩንና ፈንክሽኑ የሚቀበላቸውን እሴቶች ብዛት። ሦስተኛው ካልተጻፈ 10፣ አራተኛው ካልተጻፈ 1 ተብሎ ይወሰዳል። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ቀድሞ የተመዘገበው ቀድሞ ይሠራል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ እኩልነት ነው። አብዛኛው ፕለጊን ቁጥር ሳይጽፍ በ10 ይመዘገባል። ዎርድፕሬስ ደግሞ አንድ ፕለጊን ሥራ ላይ ሲውል የፕለጊኖቹን ዝርዝር በፎልደርና በፋይል ስም የፊደል ተራ ይደረድራል፤ የሚጫኑትም በዚያው ተራ ነው። ስለዚህ ቁጥር ካልተሰጠ የበርኖሱን ዋጋ የሚወስነው የፎልደር ስም ሊሆን ይችላል። የፎልደር ስም እየቀየሩ ማስተካከል አይመከርም፤ ስሙ ሲቀየር ፕለጊኑ ከሥራ ውጭ ይሆናል፣ ለምን እንደተቀየረም ለሚቀጥለው ባለሙያ በኮዱ ውስጥ አይታይም። በ2024 የወጣው ዎርድፕሬስ 6.5 አንድ ፕለጊን ሌላውን እንደሚፈልግ ማስታወቅ ይፈቅዳል፤ የመጫኛ ተራውን ግን አይቀይርም።

እንግዲህ ለቅናሹ 10፣ ለታክሱ 20 ይስጡ። 11 ያላልነው ለሦስተኛ ሰው ቦታ ለመተው ነው። ነገ ወደ አዲስ አበባ መላኪያ 100 ብር የሚደምር ፕለጊን ሊመጣ ይችላል። 15 ላይ ቢቀመጥ መላኪያውም ታክስ ይታሰብበትና ድምሩ 2,185 ብር ይሆናል፤ 30 ላይ ቢቀመጥ 2,170። የትኛው ልክ እንደሆነ የሂሳብ ሠራተኛውን ጠይቀው ይወስኑ፤ ከዚያ ቁጥሩን ይጻፉ፣ ከጎኑም በኮሜንት ለምን እንደሆነ ያስፍሩ። «የመጨረሻ ልሁን» ብሎ ፒኤችፒ (ዎርድፕሬስ የተጻፈበት የኮድ ቋንቋ) የሚችለውን ትልቁን ቁጥር መስጠት መጥፎ ልማድ ነው። ሁለት ፕለጊኖች እንዲያ ካደረጉ ተመልሰን የፊደል ተራ ውስጥ እንገባለን።

የሌላ ሰው ፕለጊን ከሆነስ? ፋይሉን ከፍተው አይንኩት፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ለውጥዎ ይጠፋል። በራስዎ ትንሽ ፕለጊን ውስጥ «ሪሙቭ ፊልተር» ብለው ፈንክሽኑን ከሁኩ ያንሡት፣ ከዚያ በሚፈልጉት ቁጥር መልሰው ያስመዝግቡት። ብዙ ሰው ተቸግሮ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው፤ ማንሣቱ ካልተሳካ ምንም የስህተት መልእክት አይወጣምና። መጀመሪያ ቁጥሩን ይመልከቱ፦ በ15 የተመዘገበ ፈንክሽን በ10 አይነሣም። ቀጥሎ ጊዜውን፦ ገና ያልተመዘገበ ነገር ሊነሣ አይችልም። ፕለጊኑ እንደተጫነ ወዲያው የሚመዘገብ ከሆነ ማንሻዎን «ፕለጊንስ ሎድድ» በሚለው (ፕለጊኖች ሁሉ ተጭነው ሲያልቁ በሚሠራው) ሁክ ላይ ያድርጉ፤ «ኢኒት» በሚለው፣ ከዚያ በኋላ በሚሠራው ሁክ ላይ በ10 የሚመዘገብ ከሆነ እርስዎ እዚያው «ኢኒት» ላይ በ11 ይግቡ። ፈንክሽኑ የአንድ ኦብጀክት (ፈንክሽኖችንና መረጃን አንድ ላይ የያዘ የኮድ አሃድ) አካል ከሆነ ያንኑ ኦብጀክት ማግኘት ያስፈልጋል፤ አዲስ ቢፈጥሩ አይሠራም። ስም የሌለው ፈንክሽን ከሆነ በተለመደው መንገድ ማንሣት አይቻልም፤ ያለው አማራጭ በሚበልጥ ቁጥር ከኋላው ገብቶ ውጤቱን ማረም ነው። በቻይልድ ቴም (በሌላ «ወላጅ» የገጽ ዲዛይን ላይ በተመሠረተ «ልጅ» ዲዛይን) የሚሠሩም ይጠንቀቁ፦ የልጁ የፈንክሽን ፋይል ከወላጁ ቀድሞ ስለሚጫን፣ የወላጁን ሁክ እዚያው በቀጥታ ማንሣት ከንቱ ነው።

የጽሑፍ ይዘት ላይም ያው ነው። «ዘ ኮንተንት» በሚባለው ፊልተር ላይ ዎርድፕሬስ ራሱ ብሎኮችን (ጽሑፉ የተሠራባቸውን ክፍሎች) በ9፣ አንቀጽ መክፈሉን በ10፣ ሾርትኮድን (በጽሑፍ ውስጥ በቅንፍ ተጽፎ በሌላ ይዘት የሚተካ አጭር ምልክት) በ11 ያሠራል። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመልስና አኃዙን በግዕዝ ቁጥር የሚተካ ሁለት ፕለጊን ካለዎት፣ የመጀመሪያውን 20፣ ሁለተኛውን 30 ያድርጉ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 መጀመሪያ መስከረም 1 ቀን 2018፣ ከዚያ መስከረም ፩ ቀን ፳፻፲፰ ይሆናል። ቢገላበጥ ቀን ቀያሪው የሚያውቀውን አኃዝ አያገኝም። ሁለቱም ከ11 በላይ የሆኑት ከሾርትኮድ የሚወጣው ቀን እንዳያመልጣቸው ነው።

ፊልተር ላይ የተመዘገበ ፈንክሽን የተቀበለውን እሴት አስተካክሎ መመለስ አለበት። «ሪተርን» ከተረሳ ዋጋው ባዶ ሆኖ ለቀጣዩ ይደርሳል፤ ይህ የተራ ስህተት መስሎ ብዙ ሰዓት ያባክናል።

ለማጣራት «ኩዌሪ ሞኒተር» የተባለውን ነፃ ፕለጊን ይጫኑ፤ በየሁኩ ማን በስንት ቁጥር እንደተመዘገበ ያሳያል። በኮድ ለመፈተሽ «ሃዝ ፊልተር» ከሁኩ ስም ጋር የፈንክሽኑን ስም ሲሰጡት ቁጥሩን ይመልሳል፣ ካልተመዘገበ ፎልስ (ሐሰት)። ቁጥሩ 0 ሊሆንና ከፎልስ ጋር ሊምታታ ስለሚችል ንጽጽሩን በሦስት እኩል ምልክት ያድርጉት፤ አለዚያ የተመዘገበውን አልተመዘገበም ይላል። ከዚያ ካሹን (ለፍጥነት የተቀመጠውን የገጽ ቅጂ) ያጽዱና በ2,000 ብሩ በርኖስ ይሞክሩ፤ መላኪያ ሳይጨመር 2,070 ካልመጣ ከቁጥሮቹ አንዱ አልያዘም።