ቮልስን ለጣርማ በር ማዘጋጀት

በአሮጌ መኪኖች ውድድር አንድ ደስ የሚል ዘርፍ አለ፤ መንገዱን በተባለው ሰዓት የጨረሰ ያሸንፋል፣ ቀድሞ የደረሰም የዘገየም ነጥብ ይቀነስበታል። ቮልስን ለመውደድ ከዚህ የተሻለ በር አናውቅም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ደግሞ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጣርማ በር ዋሻ ግን ከ3,000 በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስ 1300 ሲሲ ሞተር ወደ 30 ይወርዳል። ስለዚህ ያለችው ጉልበት እንዳትባክን ማድረግ ነው ሥራው።

መጀመሪያ ቫልቭ። መኪናው አድሮ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይለኩ፤ ለአብዛኞቹ ሞተሮች በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1ኛው ሲሊንደር ይጀምሩ፣ ቺንጊያው የሚዞርበትን የሞተሩን ፑሌጃ ግማሽ ዙር ወደ ግራ እየመለሱ 2ኛውን፣ 3ኛውን፣ 4ኛውን ያስተካክሉ። ክፍተቱ ውስጥ የሚገባው ስስ የብረት መለኪያ ትንሽ እየያዘ መንሸራተት አለበት። ጠብቆ የቀረ የጭስ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ማስተላለፍ አይችልም፣ ይቃጠላል። በተለይ 3ኛውን በጥንቃቄ ይዩ፤ በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልለው ከሁሉም የሚግለው እሱ ነው።

የፑንቲና (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ) ክፍተት 0.4፣ የካንዴላ 0.7 ሚሊ ሜትር። ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ የዘይት ወንፊቱንም አውጥተው ይጠቡ።

ካንዴላው ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቷል፤ ውሎ አዳሩ ደብረ ብርሃን የሆነ መኪና ጂግለሩን (በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ እርከን ማሳነስ ይጠቅመዋል። ሮቢት ወርዶ የሚሮጥ ከሆነ ግን ባይነካ ይሻላል፤ ቆላ ላይ ነዳጅ ያነሰው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከመጠን በላይ ይግልና ፒስተን ያቀልጣል።

ቺንጊያው በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ይግባ። ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው እሱ ነው፤ ስለዚህ ቀዩ መብራት ከበራ ወዲያው ቆመው ሞተሩን ያጥፉ። ትርፍ ቺንጊያና መቀየሪያው 21 ቁልፍ ከመኪናው አይለዩ።

አሁን ወደ ከባዱ፦ ቁልቁለቱ። የፍሬን ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀይሩት፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። የፍሬን ሸራዎቹን በካቻቢቴ ጎማው እስኪይዝ ያጥብቁና ማስተካከያውን 3 ወይም 4 ጥርስ ይመልሱ፤ በየጎማው ሁለት ማስተካከያ ስላለ አንዱን እንዳይረሱ። የጎማ ንፋስ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ይህ ልዩነት የግድ ነው።

በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገው ይያዙና ይልቀቁ፤ እግርን ፍሬን ላይ ጥዶ መውረድ ሸራው የሚይዘውን ታምቡር ያግለዋል። መታጠፊያ ውስጥ እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ በድንገት ማንሳት ደግሞ የድሮውን ቮልስ ጀርባ ይገለብጠዋል፤ ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ዝግ ይበሉ፣ ሲገቡ ነዳጁን በትንሹ ያዝ ያድርጉ። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ጉሙም ድንገት ይወርዳል፤ ሰዓት ይለኩ እንጂ አይሽቀዳደሙ። ለአንድ ቁራጭ መንገድ ሰዓት መድበው ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስቱንም በጥቂት ሰከንድ ልዩነት መጨረስ በቂ ግብ ነው።

ደብረ ሲና ሲደርሱ እጅዎን ከጎማው መሃል ጠጋ አድርገው ሙቀቱን ያነጻጽሩ፤ አንዱ ከጓደኛው በግልጽ ከበለጠ ሸራው ጠብቋልና አንድ ጥርስ ይመልሱለት።