ልጅ ተኝቶ ጥርሱን ሲታከም ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ጥርሱ የተቦረቦረ ሕፃን ማየት ብርቅ አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ፣ ጉንጩን ይዞ ክሊኒክ ይመጣል። ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጡት ይንፈራገጣል፣ አፉን አይከፍትም። ያኔ ሐኪሙ "ማረጋጊያ ሰጥተን ወይም አስተኝተን ብንሠራው ይሻላል" ይላል።

ወላጅ በዚህ ጊዜ የሚፈራው መርፌውን ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ትንፋሹን እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ልጆች ላይ የሚደርሰው ከባድ አደጋ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የልጅ የአየር ቧንቧ ጠባብ ነው። ምላሱ ለአፉ ትልቅ ነው፣ ቶንሲሉም ቦታ ይይዛል። ሰውነቱ ኦክስጅን የሚጨርሰው ከአዋቂ ፈጥኖ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ቢያጥረው ለመድረስ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። በዚያ ላይ ሐኪሙ የሚሠራው እዚያው አፉ ውስጥ ነው። ውሃው፣ ደሙ፣ የጥርስ ስባሪው ሁሉ ወደ ጉሮሮ ሊወርድ ይችላል።

በአግባቡ ከተሠራ ብዙ ልጆች በሰላም ታክመው ይሄዳሉ። አግባቡ ግን የሐኪሙ ብቻ ሥራ አይደለም።

"በባዶ ሆዱ እንዴት ይሆናል" ብሎ ማብላት

የተኛ ልጅ ቢያስመልሰው ምግቡ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የጾሙ ምክንያት ይህ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበትን ደንብ በእኛ ሰዓት እንቁጠረው። ቀጠሮው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ቀለል ያለ ምግብ፣ የላምም ሆነ የቆርቆሮ ወተት ለቀጠሮው 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲህ የለም ማለት ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት ይፈልጋል። የጡት ወተት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ይፈቀዳል። ንጹህ ውሃ ደግሞ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ሐኪማችሁ የተለየ ሰዓት ከነገራችሁ የእሱን ያዙ።

አጥሚት በኩባያ ቢጠጣም ምግብ ነው። የማንጎና የአቮካዶ ጁስም እንደዚያው።

ወረፋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ልጁ "ራበኝ" ይላል። እናት ካርድ ልታወጣ ሄዳለች። አያት አንጀታቸው አይችልም፣ ከነጠላቸው ጫፍ ብስኩት ይፈቱና "እንካ የኔ ጌታ፣ ቶሎ ዋጣት" ይሉታል። በፍቅር ነው የሚያደርጉት። ግን ያቺን ብስኩት ሐኪሙ ካላወቀ አደጋ ናት፤ ካወቀ ቀጠሮው ይገፋል እንጂ ሌላ የሚመጣ ነገር የለም። ስለዚህ አብሮ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከማታው ይነገረው። በጠዋት የመጀመሪያውን ተራ መጠየቅም ልጁን ከረጅም ረሃብ ያድነዋል።

ማንኮራፋቱንና ሳሉን መደበቅ

ከወንጂ፣ ከሞጆ፣ ከወለንጪቲ ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ ቀጠሮው እንዲሰረዝ አይፈልግም። ልጁ ሲያስል "አቧራ ነው" ይላል። ድካሙ ይገባኛል። ነገር ግን ጉንፋን የያዘው ልጅ የአየር ቧንቧው ተቆጥቷል፤ ከተሻለው በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ቁጡ ሆኖ ይቆያል። ሲተኛ ቧንቧው ድንገት ሊኮማተር ይችላል።

ማንኮራፋት ደግሞ ብዙ ሰው እንደ በሽታ ስለማይቆጥረው ሳይነገር ይቀራል። ሌሊት ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደገና የሚቀጥል፣ አፉን ከፍቶ የሚያድር ልጅ ቶንሲሉ ትልቅ ሊሆን ይችላል። በራሱ እንቅልፍ እንዲህ የሚሆን ልጅ በመድሃኒት ሲተኛ ይብስበታል። አስም፣ የልብ ችግር፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒት፣ አለርጂ፣ ሁሉንም ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ከቤት አደንዝዞ መምጣት

"መንገድ ላይ እንዳያስቸግረን" ተብሎ የሚያስተኛ የጉንፋን ሽሮፕ ይሰጠዋል። አታድርጉት። ክሊኒክ ከሚሰጠው ጋር ተደምሮ ትንፋሹን ሊያዳክመው ይችላል። ማረጋጊያ የሚሰጠው ልጁን የሚከታተል ባለሙያና መሣሪያ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ሐኪም እንኳ "ቤት ስጡትና አምጡት" ቢላችሁ እምቢ በሉ።

ክብደቱን በግምት መናገር

ማስተኛውም፣ ድዱ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ሊዶኬይንም የሚሰላው በኪሎ ነው። ሊዶኬይን ሲበዛ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከማስተኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ይከፋል። ያኑ ዕለት ጫማና ጃኬቱን አውልቆ ይመዘን።

ማን እየጠበቀው እንደሆነ አለመጠየቅ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። እኛ ሐኪም ፊት ጥያቄ ማብዛት ነውር ይመስለናል። እዚህ ላይ ነውር የለም።

መድሃኒቱ ልጁን ምን ያህል እንደሚያስተኛው አስቀድሞ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ዘና እንዲል ብቻ የተሰጠው ልጅ ሳይታሰብ ጭልጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጥርሱን ከሚሠራው ሐኪም ሌላ፣ ሥራው ልጁን መከታተል ብቻ የሆነ የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ዓይኑ ጥርስ ላይ ያለ ሰው ደረት አያይም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች አካዳሚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ያደሱት መመሪያ፣ ልጅ በጥልቀት በሚተኛበት የጥርስ ክሊኒክ ሕፃናትን ከሞት አፋፍ መመለስ የሰለጠኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች እንዲኖሩ ይጠይቃል። አንዱ ሐኪሙ ነው፤ ሌላው የሚከታተለው ባለሙያ ነው።

ጣቱ ላይ ተደርጋ የደሙን ኦክስጅን የምትለካው ፐልስ ኦክሲሜትር የግድ ናት። ብቻዋን ግን አትበቃም፤ ልጁ መተንፈስ ካቆመ በኋላ ቁጥሩ እስኪወርድ ጊዜ ይወስዳል። የሚወጣውን አየር የሚለካ መሣሪያ፣ ካልሆነም ደረቱን የሚያይና ትንፋሹን የሚያዳምጥ ሰው ቀድሞ ይደርሳል።

እነዚህንም ጠይቁ። ኦክስጅን አለ ወይ? በልጅ ልክ የሆነ ማስክና አየር መስጫ ፊኛ አለ ወይ? ሚዳዞላም የሚባለው ማረጋጊያ ከተሰጠው ማርከሻው ፍሉማዜኒል በእጃችሁ ነው ወይ? (ኬታሚን የሚባለው ሌላው ማስተኛ እንዲህ ያለ ማርከሻ የለውም።) መብራት ቢጠፋስ? ምራቅና ደም የሚመጥጠው ማሽን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ መኖሩን ማወቅ መብታችሁ ነው። መልሱ ካላጠገባችሁ አንስቴቲስት (የማስተኛ ባለሙያ) ወዳለበት ሆስፒታል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ መድሃኒቱን ጠጥቶ ካልተኛ "ትንሽ ይጨመርለት" ብላችሁ አትገፋፉ። የመጀመሪያው ገና እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ ሆድ የገባ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። ቀጠሮ መቀየር ይሻላል።

ሌላ መንገድ መኖሩን ሳይጠይቁ "አስተኙልኝ" ማለት

ሁሉም ልጅ መተኛት የለበትም። አንዳንዱ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ፣ ዕቃው እየታየውና እየተነገረው ይታከማል። ጥርስ ሳይሰረስሩ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ መሙላት ይቻላል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ባለበት ክሊኒክ ደግሞ ፈሳሹ ተቀብቶ መቦርቦሩን ሊያቆመው ይችላል፤ ቦታውን ግን ያጠቁረዋል።

የእኛ ስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት በወንጂና በአካባቢው ጥርሱ ቡናማ የሆነ ልጅ ብዙ ነው። ያ ቀለም ብቻውን ሕፃን ለማስተኛት ምክንያት አይሆንም። ፊቱ ያበጠና ትኩሳት ያለው ልጅ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ይግባ።

ነቃ ብሎ ቶሎ ወደ ቤት መሮጥ

ዓይኑን ስለገለጠ ነቅቷል ማለት አይደለም። ራሱን ችሎ እስኪቀመጥና እንደወትሮው እስኪያወራ ቆዩ። ሲቀሰቅሰው የነበረው የሐኪሙና የመሣሪያው ንክኪ ሲቆም ልጁ መልሶ ሊያሸልብ ይችላል። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሲያንቀላፋ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ የአየር ቧንቧውም ይታጠፋል። አጠገቡ ሥራው አገጩን ቀና ማድረግ ብቻ የሆነ አዋቂ ይቀመጥ። ሌላ ሕፃን ያዘለች እናት ብቻዋን አትችለውም።

ቤት ሲደርስ በጎኑ አስተኙት፣ ብቻውን አትተዉት። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለ ምግብ ስጡት። የከንፈሩ ድንዛዜ እስኪለቀው ድረስ ትኩስና የሚታኘክ ነገር ይቆይ፤ ብዙ ልጆች የደነዘዘ ከንፈራቸውን እያኘኩ ያቆስላሉ። ስትጠሩት ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሲተነፍስ ካቃሰተ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ከክሊኒኩ ከመውጣታችሁ በፊትም ማታ የሚነሳ ስልክ ቁጥር ተቀበሉ።