ተፈናቃይ ሲመጣ የማይደገሙ ስህተቶች

በ2013 ክረምት፣ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የሸሸ ሰው ደሴን ሞላት። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ሰው ያለውን አካፍሏል። ግን በደግነት መሃል የሚሠሩ፣ ሰው የሚጎዱ ስህተቶች አሉ።

ዋናው፣ ቅሬ (የወሎ እድር) እያለ ከዜሮ ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ሐዘን የሚደራረስበት አገር ነው። ቅሬው ድንኳን አለው፤ ትልልቅ ድስት፣ ሰሃን፣ የአባላት መዝገብ አለው። ማን ቤት ትርፍ ክፍል እንዳለ፣ የትኛዋ አባል ነርስ እንደሆነች ያውቃል። ይህን አዲስ ኮሚቴ በስንት ቀን ይደርስበታል? ወጣቶቹ ጉልበትና ስልካቸውን ይዘው ቅሬው ውስጥ ይግቡ።

ሁለተኛው፣ የተዋጣውን ሁሉ አንድ ቦታ ማስቀመጥ። ከተሞቹ ሲያዙ ባንክ ተዘጋ፣ መብራትና ስልክ ጠፋ። ባንክ ያለ ብር ያን ጊዜ ዳቦ አይገዛም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የእርዳታ መጋዘኖች ተዘረፉ። ስለዚህ ከብሩ የተወሰነውን ቀደም ብሎ በበሶ፣ በጨው፣ በዘይትና በሳሙና መለወጥ፣ እሱንም በተለያየ ቤት ማስቀመጥ ይበጃል።

ስለ እንጀራ ስንጨነቅ ውሃን እንረሳለን። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል። አንድ ክፍል ውስጥ 40 ሰው ካለ 600 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 30 ጊዜ ይሞላል። መብራት ከሄደ ፓምፑም ይቆማል። ጄሪካንና ጋሪ አስቀድሞ ይፈለግ።

የዱቄት ወተት ለእናቶች ሁሉ ማደልም አደጋ ነው። ባልፈላ ውሃ፣ ባልታጠበ ጡጦ ሲበጠበጥ ሕፃኑን ተቅማጥ ይጥለዋል። ይልቅ ለእናትየዋ አጥሚት ስጧት፣ ጡት የምታጠባበት ጸጥ ያለ ጥግ አዘጋጁላት። እናት የሌለው ሕፃን ካለ የጤና ባለሙያ ይየው።

ልብስ ስትሰጡ ደሴ ብርድ መሆኗን አትርሱ። ሲሚንቶ ላይ ለሚተኛ ሰው ስስ ሸሚዝ ምን ያደርግለታል? ፍራሽና ብርድ ልብስ ይቅደም። ሰልፍ ላይ የቆመን ሰው ፎቶ አንስቶ መለጠፍም ይቅር፤ ትናንት የራሱ ቤት የነበረው ሰው ነው።

ሞዴስና የውስጥ ልብስ በሰልፍ አይታደል። ሁለት ሴቶች ይዘው በየክፍሉ ይዙሩ።