ኮራል ሪፍን እንዴት ከልሎ መጠበቅ ይቻላል? ከካርታው በፊት ሰዎቹን

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሪፉ ጥቃቅን እንስሳት በብዙ ሺህ ዓመታት የገነቡት ቤት ነው። ከውቅያኖስ ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍንም። ከባሕር ፍጥረታት ዓይነቶች ግን ሩብ ያህሉ ይጠጉበታል። ይህን ቤት ለማዳን አንዱ መንገድ ከፊሉን ከልሎ ማስገርን ጨርሶ ማቆም ነው። አካሄዱን በፊሊፒንስ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች ታሪክ ላስረዳችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከአስጋሪዎቹ ጀምሩ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሱሚሎን ደሴት በሲሊማን ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በ1974 የሪፉ ሩብ ያህል ተከለለ። ዓሣው በዛ። በ1984 ግን ጥበቃው ላላና ሰው ገባበት። የማስገሪያው ቦታ ሰፋ ማለት ነው። ታዲያ የሚያዘው ዓሣ መጨመር አልነበረበትም? በግማሽ ያህል ወረደ። ያቺ የተከለለች ቁራሽ ለካ ዙሪያዋን ስትመግብ ኖራለች።

በአፖ ደሴት የሆነው ሌላ ነው። ሳይንቲስቱ አንጄል አልካላና ባልደረቦቻቸው ከነዋሪው ጋር ለዓመታት ተወያዩ። አስጋሪዎችን ሱሚሎን ወስደው ዓሣውን በዓይናቸው እንዲያዩ አደረጉ። በ1982 ነዋሪዎቹ ራሳቸው 450 ሜትር ያህል ዳርቻ ከለሉ፤ ተራ ገብተውም ጠበቁት። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ለዘመናት ያቆዩት የሚዘጋበትንና የሚታጨድበትን ጊዜ ራሳቸው እየወሰኑ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራችሁ መጠየቅ ይሁን። ማን የት ያሰግራል? በየትኛው ወር? ጀልባ የሌለው ሰው በእግሩ ገብቶ የሚለቅመው ነገር አለ? የዕለት ጉርሱ የሚቋረጥበት ሰው ካለ፣ ከመዝጋታችሁ በፊት እወቁት።

2. ቦታውን ምረጡ

የተጎዳውን ቦታ ለማዳን መሮጥ ያጓጓል። እኔ ግን መጀመሪያ ጤነኛውን ያዙ እላለሁ። ሕያው ኮራል የበዛበት፣ እንደ ግሩፐር ያሉ ዓሣዎች እንቁላል ለመጣል የሚሰበሰቡበት ቦታ ይቅደም። የት እንደሆነ አስጋሪዎቹ ያውቁታል። በአጠገቡ ማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) እና የባሕር ሣር ካለ አብራችሁ ክለሉ፤ የብዙ ዓሣ ልጆች የሚያድጉት እዚያ ነው። ወንዝ ደለል ከሚያራግፍበት ራቁ።

አንድ ቦታ ብቻውን አይበቃም። በ2011 እና በ2012 አፖን የመቷት አውሎ ነፋሶች የተከለለውን ሪፍ ክፉኛ ሰባበሩት። አውስትራሊያ በ2004 የታላቁን ባሪየር ሪፍ ክልል ስታሻሽል 70 ዓይነት አካባቢዎችን ለይታ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 20 በመቶ ለመከለል ተነሳች። ማስገር የተከለከለበት ስፋት ከ5 በመቶ በታች የነበረው ወደ 33 በመቶ ደረሰ።

3. ደንቡን አሳጥሩ

“እዚህ ውስጥ ምንም አይያዝም” የሚለውን ሕፃን ልጅም ይረዳዋል። ድንበሩን በተንሳፋፊ ምልክት አሳዩ። መልሕቅ መጣልን ከልክሉ፤ ለጀልባዎች ቋሚ ማሰሪያ አዘጋጁ።

4. ጠባቂና ገንዘብ

ጥበቃ ጀልባና ነዳጅ ይፈልጋል። አፖ ከጠላቂ ጎብኚዎች ክፍያ ትሰበስባለች። ብሩ የት እንደገባ በሰው ሁሉ ፊት ይነገር።

5. በየዓመቱ ቁጠሩ

በመጀመሪያ በቆጠራችሁበት ወር፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጥልቀት ዓሣውንና ኮራሉን ቁጠሩ። ከድንበሩ ውጭም ቁጠሩ፤ አለበለዚያ ለውጡን የምታወዳድሩበት ነገር አይኖራችሁም። ውጤቱን ከማንም በፊት ለአስጋሪዎቹ አሳዩ። ትልልቅ አዳኝ ዓሣዎች ቶሎ አይመለሱም። በአፖ ቁጥራቸው ከ10 ዓመት በላይ ቀስ እያለ ነው ያደገው።

6. ሙቀት ሲመጣ

ክልከላ ሙቀትን አያቆምም። ውኃው በሞቃት ወራት ከሚደርስበት ጣሪያ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ በውስጡ የሚኖረውን አልጌ (ተክል መሰል ደቃቅ ፍጥረት) ያስወጣና ይነጣል። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። በዚያ ሰሞን ሌላውን ጫና አንሱለት። ታይላንድ በ2016 በርካታ የመጥለቂያ ቦታዎችን የዘጋችው ለዚህ ነው። በቀቀን ዓሣ የሚባለውን ደግሞ ከክልሉ ውጭም ቢሆን እንዳይያዝ ተስማሙ። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሌላ ዓይነት አልጌ ጋጥ ጋጥ አድርጎ፣ አዲስ ኮራል የሚያርፍበትን ድንጋይ የሚያጸዳው እሱ ነው።