የጫጩት ቤት ሂተርን በቴርሞስታት ስታገናኙ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየተቀነሰ ይሄዳል። ቢሾፍቱም ሆነ አዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ አርቢዎች ለዚህ ተራውን የቤት ሂተር ይገዙና ከትንሽ ዲጂታል ቴርሞስታት ጋር ያገናኙታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ተበላሸ ተብዬ ስጠራ ግን የማገኘው ሁልጊዜ ያንኑ ጥፋት ነው።

ሙሉውን ጭነት ቴርሞስታቱ ላይ መጣል

«10 አምፒር ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል» ይሉኛል። አዎ፣ ተጽፎበታል። ገበያውን የሞላው ኤስቲሲ-1000 የሚባለው ቴርሞስታት ውስጥ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚዘጋና የሚከፈት ትንሽ ማብሪያ) ባለ 10 አምፒር ነው። የ2000 ዋት ሂተር ደግሞ በ220 ቮልት 9 አምፒር ይስባል። ሒሳቡ ያልፋል። ጫጩት ቤት ውስጥ ግን ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ሲጠፋ ነው የሚያድረው። በበራና በጠፋ ቁጥር ብልጭታ የሪሌውን ኮንታክት (ሲበራ የሚነካካውን ብረት) ይበላዋል። አንድ ቀን ኮንታክቶቹ ተበያይደው ይቀራሉ። ያኔ ቴርሞስታቱ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ሂተሩ ግን መጋሉን ይቀጥላል።

አንድ አርቢ በጠዋት ጠርቶኝ ያየሁትን አልረሳውም። የቴርሞስታቱ የማሞቂያ መብራት ጠፍቷል፣ ሂተሩ ግን ፍም መስሏል። ጫጩቶቹ ከሙቀቱ ለመሸሽ ጥግ ላይ ተደራርበው አልቀዋል። ሪሌውን ስከፍተው ኮንታክቱ አንድ ብረት ሆኖ ነበር። ሰጋቱራው ሂተሩ ጋ ስላልደረሰ ብቻ ቤቱ ተረፈ። ሰውየው ያጠፋው ጥፋት የለም፤ የሠራለት ሰው ነው ያጠፋው። አሁንም በዚያው መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ሳይ እናደዳለሁ።

ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል ትልቅ ሪሌ) ግዙ። ቴርሞስታቱ የኮንታክተሩን ኮይል (ኮንታክቱን ስቦ የሚዘጋውን ጥቅል ሽቦ) ብቻ ይዘዝ፤ የሂተሩን ጭነት ኮንታክተሩ ይሸከም። ኮይሉ ባለ 220 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ። ላዩ ላይ ሁለት የአምፒር ቁጥር ካለ ለሂተር የሚታየው ኤሲ-1 የሚለው ነው፤ ኤሲ-3 ለሞተር ነው። ለ2000 ዋት ባለ 20 ወይም ባለ 25 አምፒር ይበቃል። ለኮንታክተር አቅም ከሌለ የ1000 ዋት ሂተር ተጠቀሙ። እሱ 4.5 አምፒር ብቻ ስለሚስብ ሪሌው ይተነፍሳል። ኮንታክተርም ቢሆን አንድ ቀን ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ሂተሩ ውስጥ ያለውን የሙቀት መቁረጫም ሆነ ሲወድቅ የሚያጠፋውን ማብሪያ «ያስቸግራል» ብላችሁ ቀጥታ አታገናኙት።

አንድ ሽቦ ብቻ መቁረጥ

ቴርሞስታቱ ፌዙን መቁረጥ አለበት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታሰበው ስፒናው ነው። የእኛ ባለ ሁለት እግር ክብ ስፒና ተገልብጦም ይሰካል። ዛሬ ፌዝ የነበረው ሽቦ ነገ ስፒናው ዞሮ ሲሰካ ኒውትራል ይሆናል። ያኔ ቴርሞስታቱ ኒውትራሉን ቆርጦ ሂተሩን ያጠፋል፣ ሂተሩ ውስጥ ግን ፌዝ እንዳለ ይቆያል። የጠፋ መስሎት የሚነካው ሰው ይያዛል። ኮንታክተሩ ባለ ሁለት ፖል ከሆነ ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ ስለሚቆርጥ ይህም ችግር አብሮ ያልቃል። የኤርዝ ሽቦ ግን በማብሪያ አይቆረጥም፤ ከሶኬት እስከ ሂተሩ ሳይቋረጥ ይድረስ። ጫጩት ቤት ውስጥ ውሃ ይፈሳልና ባለ 30 ሚሊአምፒር የኤርዝ ሊኬጅ ብሬከርም (ኃይል ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ) አስገቡ።

«ኃይል አይሰጥም» ብሎ መሸወድ

ኤስቲሲ-1000 ጀርባ ላይ ካሉት የሽቦ ማሰሪያ ቁጥሮች 1 እና 2 ለራሱ ኃይል፣ 3 እና 4 ለሴንሰሩ፣ 5 እና 6 ለማሞቂያ፣ 7 እና 8 ለማቀዝቀዣ ናቸው። 5 እና 6 እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው እንጂ የራሳቸው ኃይል የላቸውም። ጀማሪ ልጆች የሂተሩን ሁለት ሽቦ እዚያ ያስገቡና «ዕቃው ብልሽት አለበት» ይላሉ። ይህስ ጉዳት የለውም፣ ታርሞ ያልፋል። ፌዙን 5 ላይ፣ ኒውትራሉን 6 ላይ የሚያስር ግን ሪሌው በዘጋበት ቅጽበት ሾርት ያደርጋል። ፌዝ 5 ላይ ይግባ፣ ከ6 ወጥቶ ወደ ኮይሉ ይሂድ። ኒውትራሉ ቀጥታ ወደ ኮይሉ ሌላ ጫፍ። ደግሞ ይኸው ዕቃ በ12፣ በ24፣ በ110 እና በ220 ቮልት ይሸጣል፤ መልካቸው አንድ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትሰኩ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ሂተርስ? ያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። 1500 ዋት የሚለው እኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ከ5000 ዋት በላይ ሊስብ ይሞክራል። እዚያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቤት ቴርሞስታትም አብዛኛውን ጊዜ ለ24 ቮልት ነው። ሁለቱንም ተዉአቸው።

ሴንሰሩን የትም መጣል

ሴንሰሩ በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ፣ የሂተሩ ትንፋሽ በቀጥታ በማይመታው ቦታ፣ በደንብ ታስሮ ይቀመጥ። ሽቦው ቢበጠስ ኤስቲሲ-1000 ስህተት አሳይቶ ያጠፋል። በር ሥር ብርድ ላይ ቢወድቅ ግን ቤቱ የቀዘቀዘ መስሎት ያለማቋረጥ ያሞቃል። ጫጩቶች ሽቦ መጎተትና መንቆር ይወዳሉ፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት።

ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይሆንም፤ ሞርሴቶ (በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ) ተጠቀሙ። ከሶኬት እስከ ሂተሩ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ሽቦ ይሁን። ስስ ማከፋፈያ ላይ ሂተር አይሰካም። በንክኪ ቁልፍ የሚሠራ ዲጂታል ሂተር ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ራሱ ላይነሳ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የማብሪያና የማጥፊያውን ልዩነት ከ1 ዲግሪ በታች አታድርጉት፤ ሪሌው ሲንጫጫ ያልቃል። ሳጥኑን ስትከፍቱ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ በቴስተር አይታችሁ ነው።

ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ባዶውን ቤት አንድ ቀን ሙሉ አሙቁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስፒናውንና የሽቦውን ሽፋን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ትንሽ ሞቅ ቢል ችግር የለውም። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን የላላ ቦታ አለ፤ ሶኬቱ ወይ ስፒናው ሳይቀየር ጫጩት እንዳታስገቡ።