በሰፈሩት ቁና፦ ጌም ሲተች ኖሮ ልብ ወለድ ለሚያሳትም ሰው

ለዓመታት በቪዲዮ የሰውን ጌም ጥንብ እርኩሱን ስታወጣ ኖረህ አሁን ልብ ወለድ ልታሳትም ነው። ጎሽ! ግን (አንቺም ብትሆኚ ያው ነው) ከባዱ ነገር መጻፉ ከመሰለህ ገና ነህ። ከባዱ አድናቂዎችህ ገዝተው ማንበብ ሲጀምሩ ነው የሚመጣው። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" የሚለው ተረት ለኛ ለጌም ሐያስያን የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

በመጀመሪያ ሰዎቹ ምንህን እንደወደዱት እወቅ። የወደዱት ድምፅህን ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳትተነፍስ አንድ ጌም ስትዘነጥል መስማት ደስ ይላቸዋል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ያንኑ ይችሉታል ማለት ግን አይደለም። ቪዲዮ ላይ ስላቅህ የሚያርፍበት ሌላ ሰው የሠራው ነገር አለ። ልብ ወለድ ውስጥ ግን የምትሳለቅበትን ዓለም የፈጠርከው አንተው ነህ፤ ገጸ ባሕርይህ ሞት ደጁ ቆሞም ቀልዱን ካላቆመ አንባቢው በምን ዕዳው ይጨነቅለታል?

ረቂቅህ ላይ ይህን ሞክር። የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍነህ ንግግሩን ብቻ አንብብ። ማን ምን እንዳለ መለየት ካቃተህ ሁሉም አንተን ሆነዋል ማለት ነው። እኔ ስሞክረው የሰባ ዓመት አሮጊትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ አፍ ሲያማርሩ አገኘኋቸው፤ ሁለቱም እንደኔ። እንደገና መጻፍ ግድ ሆነ።

ሌላው የኛ ሰዎች በሽታ ሕግ ማስረዳት ነው። አስማቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ የትኛው ጎሳ ከየትኛው እንደሚበልጥ፣ ጌም ሲጀመር አጨዋወቱን እንደሚያስተምረው ክፍል፣ አራት ገጽ ቲቶሪያል። አንባቢ ደግሞ እንደ ተጫዋች ትምህርቱን ለመዝለል የሚጫነው ቁልፍ የለውም፤ ቢሰለቸው አልፎ አይሄድም፣ መጽሐፉን ነው የሚዘጋው። ከዚህ የባሰው ግን ምክንያት መርሳት ነው። ጌም ውስጥ የጨለማውን በር የሚከፍተው ተጫዋቹ ስለሆነ "ለምን ከፈተው?" የሚል ጥያቄ የለም፤ ወዶ ነው የከፈተው። ልብ ወለድ ውስጥ ግን ሰውዬው በሩን የሚከፍትበት የራሱ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ዕዳ፣ ፍርሃት፣ እልህ፣ የሆነ ነገር። ጌም ስትተች "ታሪኩ ስስ ነው" ስትል የከረምክ ሰው እዚህ ላይ ከተያዝክ አይለቁህም።

ይህን መንገድ ቀድሞ የሄደ ሰው ከፈለግክ ያትዚ ክሮሾን እይ። ያትዚ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዚሮ ፐንክቹዌሽን በተባሉት ጥድፊያ በተሞሉ ቪዲዮዎቹ የታወቀ ትውልደ እንግሊዛዊ ሐያሲ ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ሞግወርልድን በ2010 ዳርክ ሆርስ በተባለ አሳታሚ በኩል አሳተመ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞቶ የተነሳ የአስማት ተማሪ ነው፤ የሚኖርበት ዓለም የኦንላይን ጌም ነው፣ የሚመኘውም በሰላም መሞትን ብቻ ነው። ብልሃቱ ይታይሃል? ተከታዮቹ ከሚያውቁት ሰፈር ነው የጀመረው። በ2012 ባወጣው ሁለተኛው ግን ጌሙን ትቶ ከተማ ሙሉ በሰው በላ የእንጆሪ ማርማላታ አጥለቀለቀ። የመጀመሪያው በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው ከበሩ ወዲያ መራመድ ትችል እንደሆነ ያሳያል። ሞግወርልድን በድምፅ የተረከውም ራሱ ነው። ድምፅህን ለምደው ለመጡ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፣ ድምፅህ ካልጎረበጠ በቀር።

እግረ መንገዴን፦ ለድርጅት የምትሠራ ከሆነ ውልህን አንብብ። ያትዚ በ2023 ቪዲዮዎቹን ያወጣበት ከነበረው ኢስኬፒስት ከተባለ ድረ ገጽ ሲለቅ የቪዲዮዎቹ ስም እዚያው ቀርቶ በአዲስ ስም ነው የቀጠለው። ልብ ወለድህ የማን እንደሚሆን ከመታተሙ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ።

ረቂቁን ለአድናቂ አታስነብብ። ቪዲዮህን አይተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ፈልግ። "ወደድከው?" ብለህ አትጠይቅ፤ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። "የት ላይ አቋርጠህ ተኛህ?" በል። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" የሚባለው ለዚህ ነው።

የጌም ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ለጀርባ ሽፋንህ የሙገሳ ቃል ልጻፍልህ ካለህ አመስግነህ እምቢ በል። በሚቀጥለው ወር የሱን ጌም ብታሞግስ ማን ያምንሃል? ማስታወቂያውንም አታብዛ። አንዴ ተናገር፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በነጻ ልቀቅ፣ ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስ።

አሁን አስተያየቱ ይመጣል። ቀድሞ የሚደርሰው ምዕራፍ ሁለት እንኳ ሳይገባ አምስት ኮከብ የሚሰጥህ ታማኝ ነው። ውደደው፣ ግን አትመነው፤ እንዲህ ያለ ኮከብ ሲበዛ አንተን የማያውቅ ገዢ ይጠራጠራል። ቀጥሎ ቂመኛው አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የሚወደውን ጌም አዋርደህበታል፤ ስለ መጽሐፍህ ሊጽፍ ጀምሮ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የጌሙን ስም ሲያነሳ ታውቀዋለህ። እለፈው። ሦስተኛው በራስህ ስልት፣ በራስህ ፍጥነት፣ በራስህ ስድብ መጽሐፍህን የሚበጫጭቀው ነው። ይህኛው ያማል። አንዳንዴ ደግሞ ካንተ ይበልጥ ያስቃል። ከሳቅክ ሳቅ፣ ግን "እዚህ ጋ ተሳስተሃል" ብለህ እንዳትጀምር።

ወርቅ የሆነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጽፈው ነው፦ "ቪዲዮዎችህን እወዳለሁ፣ መጽሐፉን ግን ገጽ 60 ላይ ተውኩት።" እሱን ጻፈው። ሌላ ሁለት ሰው እዚያው አካባቢ ከተወው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም፣ ምዕራፉ ነው።

ለማናቸውም መልስ አትስጥ፤ ማመስገን እንኳ በልክ ይሁን። አንድ መጥፎ አስተያየት ቪዲዮህ ላይ አንስተህ ብትቀልድበት አንተ ቀልደህ ትተኛለህ፣ ተከታዮችህ ግን ያን ምስኪን አንባቢ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዋክቡት ያድራሉ። "ሂዱና ስደቡት" አላልኩም ማለት አያዋጣም።

ካሁን በኋላ ከአፍህ እንዳይወጣ የማደርገው አንድ ጥያቄ ነው፦ "አንተ መጽሐፍ ጽፈህ ታውቃለህ?" ጌም ሠሪዎች ስንት ጊዜ "እስቲ አንተ ሥራው" ሲሉህ "ወጥ ጨው እንደበዛበት ለማወቅ ወጥ ሠሪ መሆን የለብኝም" ስትል ኖረሃል። አንባቢህም የለበትም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አስተያየቱን አትክፈተው። ይጠራቀም። ከዚያ አንድ ቀን ደብተር ይዘህ ተቀመጥና በአንድ ጊዜ አንብበህ ጨርሰው፣ የተደጋገመውን ብቻ ጻፍ። በመካከሉ ቪዲዮህን አታቋርጥ። ተከታዮችህ ምላስህ ለስልሶ እንደሆነ ሊያዩ አድፍጠው እየጠበቁ ነውና፣ ከመጽሐፉ በኋላ የመጀመሪያው ሥራህ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ አንድ የማይረባ ጌም ይሁን።