የትንሽ ሞተር ሙቀት መከላከያ፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ትንሽ ሠርቶ ይቆማል፣ ሲበርድ ራሱ ይነሳል።
ውስጡ ያለው ባይሜታል (ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ስስ ዝርግ) ሲግል ጎብጦ መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሥራውን እየሠራ ነውና አትውቀሱት። ጭነቱንና የአየር መግቢያውን እዩ። ቆሟል ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ! ሳያስጠነቅቅ ይነሳል፤ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ።

ችግር፦ ያጉረመርማል፣ አይዞርም።
አክሱ (የሚዞረው ዘንግ) በእጅ ቀለል ብሎ የሚዞር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ክፍል) ደክሟል። በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ (ላዩ ላይ µF ተብሎ የተጻፈው መጠን) ቀይሩ፣ ቮልቱ ግን ከቀድሞው እንዳያንስ።

ችግር፦ ድምፅም የለው፣ ንዝረትም የለው።
እኔ ጋ የሚመጣው ባብዛኛው ይሄ ነው። ቴስተሩ (መስመር መፈተሻው) ዝም ሲል «ጥቅሉ፣ የተጠቀለለው ሽቦ፣ ተቃጥሏል» ብለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። ቆይ! ጥቅሉ የታሰረበትን ክር ፍቱና ከሽፋኑ ሥር ፈልጉ፤ ስንዴ የምታህል ነገር በቱቦ ተሸፍና ትገኛለች። ቴርማል ፊውዝ ናት፤ ጥቅሉ ከልክ በላይ ሲግል መስመሩን የምትቆርጥ። ላይዋ ላይ አምፔር፣ ቮልትና ዲግሪ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 2 አምፔር፣ 250 ቮልት፣ 130 ዲግሪ። አንዴ ከተቆረጠች አትመለስም።

ፊውዟን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ግን ሞኝነት ነው። ለምን ጋለ? የማራገቢያ ሞተር ከሆነ ባብዛኛው ቡሺንጉ (አክሱ የሚዞርበት ቀለበት) ደርቋል። አክሱን በጣት አሽከርክሩት፤ ደህናው ጥቂት ይዞራል፣ የደረቀው ማር ውስጥ እንደገባ ቀጥ ይላል። ቡናማውን ሙጫ በአልኮል ጠርጉና ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት። የምግብ ዘይት አይደለም! አንዱ ደንበኛ የምግብ ዘይት አጠጥቶት አክሱን በፒንሳ ነው ያላቀቅኩት። ሌላው ደግሞ ፊውዟን ዘልሎ ሽቦ አገናኝቶ ነበር፤ ሞተሩን ሲያመጣው የፕላስቲክ ሽፋኑ ቀልጦ ጥቅሉ ላይ ተጣብቋል። ሽቦ አይቆረጥማ።

አዲሷን በተመሳሳይ ዲግሪ ግዙ። ዲግሪ ያልተጻፈባት ርካሽ ፊውዝ እጄ አትገባም። ስትበይዱ የመበየጃው ሙቀት ራሱ ይቆርጣታል፤ እኔም ባንድ ምሽት ሁለት አዲስ ገድያለሁ። እግሯን ረዘም አድርጋችሁ፣ በገላዋና በመበየጃው መካከል በፒንሳ ያዙ። በማያያዣ ቱቦ ጨምቃችሁ ብታገናኙ ደግሞ ይሻላል። ከዚያ ጥቅሉ ላይ ለጥፋችሁ እሰሯት፤ አየር ላይ ከተንጠለጠለች ሙቀቱ ሳይደርሳት ጥቅሉ ያልቃል።

ችግር፦ የጭስ ሽታ፣ የጠቆረ ጥቅል።
ፊውዝ አያድነውም። በአዲስ ሽቦ ይጠቅለል ወይ ይጣል።